የጭሮዋ ዶሮ ምን በልታ ሞተች?

ጭሮ ገበያ ዶሮና እንቁላል ይዘው የሚቀመጡትን እናቶች ጠይቁ። «ዘንድሮ ዶሮው እንዴት ነው እናቴ?» ስትሏቸው፣ «ምን ዶሮ አለ ልጄ፣ ፈንግል ጨረሰው» ይሏችኋል። ሂርና ብትሄዱ፣ በዴሳ ብትወርዱ፣ ገለምሶ ብትዘልቁ መልሱ ያው ነው። የሐበሻዋም ዶሮ፣ ከወረዳ የታደለችው የፈረንጅ ዶሮም፣ ጫጩቱም በአንድ ስም ይቀበራል፤ ፈንግል!

ፈንግል የለም የሚል ካለ ዶሮ አርብቶ አያውቅም። አንገት ጠምዝዞ፣ አረንጓዴ አስቀዝኖ በጥቂት ቀን ውስጥ ግቢውን ባዶ ያደርጋል። ግን ለመሆኑ የሞተው ሁሉ በፈንግል ነው የሞተው? ሆዷን ማን ከፍቶ አየ? ጉበቷን ማን ተመለከተ? የሰው አሟሟት ሲያጠራጥር አስከሬኑ ይመረመራል። የምዕራብ ሐረርጌ ዶሮ ግን ገደል ትጣልና ነገሩ ያበቃል።

«የሌማት ትሩፋት» በ2015 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ በቴሌቪዥን የምናየው ሹም ጫጩት ሲያድል ነው። ይህን ያህል ሺህ ተሠራጨ፣ ያን ያህል ሚሊዮን ታቀደ ይባላል። ማደሉን አንቃወምም፤ እሰየው ነው። የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ካሜራው ከሄደ በኋላ ጫጩቷ ምን ትበላለች? በስድስት ወሯስ ስንቷ በሕይወት አለች? የታደለው ተቆጥሮ የሞተው የማይቆጠርበት ሒሳብ የት ትምህርት ቤት ነው የሚሰጠው?

የሐበሻ ዶሮ ጭራ አዳሪ ናት። ትሉን፣ ምስጡን፣ የወደቀውን እህል ለቅማ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። እንቁላል ጣይ ተብላ የመጣችው የፈረንጅ ዝርያ ግን በዓመት 250ም ከዚያም በላይ እንድትጥል ተመርጣ የተዳቀለች ናት። ይህን ለማድረግ በቀን 110 ግራም ያህል የተመጠነ መኖ ትፈልጋለች፤ ያውም ከመቶ 16 ያህሉ ፕሮቲን፣ ከመቶ 3.5 ያህሉ ካልሲየም የሆነ። ማሽላ ብቻውን ፕሮቲኑ ከመቶ 10 አካባቢ ነው፤ ካልሲየሙማ ከምንም አይቆጠርም። ወፍ የማይደፍረው አንዳንዱ ቀይ ማሽላ ደግሞ ታኒን የሚባል ጎምዛዛ ነገር ስላለበት፣ ያለችውንም ፕሮቲን የዶሮዋ ሆድ በቅጡ እንዳይጠቀምባት ያደርጋል። በቆሎው፣ ፋጉሎው፣ ፍሩሽካው፣ የኖራ ድንጋዩ ተመጥኖ የተቀላቀለው የፋብሪካ መኖ ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ በኩል ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ሲመጣ የእንቁላሉን ገንዘብ ቀድሞ ይበላል። ዐሥር ዶሮ ያላት እናት በወር 33 ኪሎ መኖ ትግዛ? ልጆቿስ? እናም ዶሮዋ የተገኘውን ትበላለች። የሚገኘው ደግሞ ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን አፉ ጠበብ ሆዱ ሰፋ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብራል። ከእሳትም ከሌባም ያድናል፤ አባቶች በከንቱ አልጀመሩትም። ችግሩ እርጥበት ነው። በአፉና በግድግዳው በኩል ያለው እህል ይሻግታል። ጉድጓዱ ሲከፈት የመካከሉ ለሰው ይወጣል፤ የሸተተው፣ የጠቆረው፣ አረንጓዴ የመሰለው «ለዶሮ ይሁን» ይባላል። በዚያ ሻጋታ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል።

ይህ መርዝ የተገኘው በዶሮ ዘመድ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምንነቱ ስላልታወቀ በሽታውን «ኤክስ» አሉት። እንግሊዞቹ ግን የለመዱትን በሽታ ስም ሰጥተው አልቀበሩትም። መኖውን ተከታትለው ከብራዚል የገባ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ላይ ደረሱ፤ ከፋጉሎው ሻጋታውን፣ ከሻጋታው መርዙን አወጡ። ኦቾሎኒ እንግዲህ ባቢሌም ዳሮ ለቡም የሚመረት የራሳችን እህል ነው።

መርዙ ጉበት ይጎዳል፤ እንቁላል ያጎድላል። የባሰው ግን የሰውነትን መከላከያ ማድከሙ ነው። ስለዚህ ሻጋታ ስትበላ የኖረች ዶሮ የፈንግል ክትባት ብትከተብም ክትባቱ በቅጡ ላይዝላት ይችላል። ያኔ እናትዬዋ «ክትባቱ ውሸት ነው» ብላ በሚቀጥለው ዓመት በሯን ብትዘጋ ማን ይፈርድባታል? ደግሞስ እኛ ከዚያው ጉድጓድ አይደለም የምንበላው? በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም ያወቀው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ስለ አዲስ አበባ ወተት ተወራ፤ ስለ ጭሮ ዶሮ ማን ያውራ?

ጥናት የለም እንዳይባል፣ አለ። ዓለማያ ኮሌጅ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካኖቹ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ርዳታ ከቆመ ጀምሮ፣ ዛሬ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ እስከተባለበት ድረስ ስለ ሐረርጌ ከብትና ዶሮ ብዙ ተጽፏል። የቢራ አተላው፣ አፋር ሜዳ ላይ የተንሰራፋው የፕሮሶፒስ ፍሬ ሳይቀር በዶሮ መኖ ላይ ተሞክሯል። ሂርና ላይ፣ ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ፣ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለ። መቻራ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ጭሮ ላይ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። ያ ጉድጓድ ራሱ ተጠንቷል! የዓለማያ ተመራማሪ ለዓመታት ለክቶ፣ መርምሮ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተመው። የት? ስዊድን፣ ኡፕሳላ። በምን ቋንቋ? በእንግሊዝኛ። ጉድጓዱ ሐረርጌ፣ መጽሐፉ ኡፕሳላ! ተመራማሪውን አልወቅስም፤ እሱ የተጠየቀውን ሠርቷል። መጽሐፉን ወደ ኦሮምኛና አማርኛ መልሶ፣ «ግድግዳውን እንዲህ ብትለስኑት እርጥበቱ ይቀንሳል» ብሎ ገበሬው ደጅ ማድረስ የሌላ ሰው ሥራ ነበር። ያ ሌላ ሰው ጫጩት እያደለ ነው።

ይቻላል ወይ? ተችሏል እንጂ። የከብት ደስታ በ1880ዎቹ ክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ ሕዝቡን በረሃብ ያስጨረሰው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ለዚህ ካበቁት አንዱ ከሚኤሶ ማዶ ካለው የአፋር በረሃ የተሠራው ሥራ ነው። በ1986 እና 1987 ዓ.ም. ገደማ ሙቀት የሚችል ክትባት መጣ። አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው፣ ያለ በረዶና ያለ መኪና በእግራቸው ከመንጋው ጋር እየዞሩ ከተቡ። ላቦራቶሪው ያወቀውን ነገር የአገሬው ሰው በእጁ ሲይዘው በሽታው መግቢያ አጣ። ለፈንግልም ሙቀት የሚችል ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ምን ታደርገዋለች? መንደሩን በአንድ ቀን የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። ለስብሰባ ሕዝብ መጥራት የሚያውቅ ቀበሌ ለዶሮ መጥራት አቃተው?

ደግሞ የሐረር ሰንጋን እዩ። ገበሬው ደጁ ላይ አስሮ፣ ከማሳው ሲሳሳ የሚነቀለውን የማሽላ ቡቃያ፣ አገዳውን፣ የጫት ገረባውን በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። ይህን ያስተማረው ዩኒቨርሲቲ የለም፤ እንዲያውም ዩኒቨርሲቲው ነው ከእሱ ሊማር የሄደው። እዚያው ግቢ ውስጥ ዶሮዋ ሻጋታ ትለቅማለች። ሰንጋው የአባወራው ነዋ! ዶሮዋ የእማወራዋ ናት። የጨው፣ የሳሙና፣ የልጆች ደብተር ገንዘብ ከእሷ ነው የሚወጣው። ሹሙም አባወራ ነው መሰለኝ።

አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፈረንሳይ አገር እርሻ የተማሩ ሰው ነበሩ። በአውሬዎች አድርገው ሹማምንቱን የሸነቆጡበትን ቴአትር ጽፈው ቴአትሩ መታገዱም ይታወቃል። ዛሬ ቢኖሩ ኖሮ ጫጩት አዳዩን ሹም ዶሮዋ ራሷ መድረክ ላይ ታፋጥጠው ነበር።

እሳቸው ስለሌሉ እኛ እንጠይቅ። ጭሮ ላይ፣ ሂርና ላይ፣ በዴሳ ላይ ለዶሮ የሚሸጠውን ማሽላና ፋጉሎ ለሻጋታ መርዝ የሚመረምረው ማነው? ውጤቱስ ለማን ይነገራል? አንዲት እናት የሞተች ዶሮዋን በፌስታል ይዛ ሂርና ብትደርስ በስንት ቀን መልስ ታገኛለች? መልሱ የሚጻፍላትስ በምን ቋንቋ ነው?