ክንዴ ላይ ያለው ነገር ቅንጦት አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ስኳር ሕመም በተዘጋጀ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የአዘጋጁንም የተናጋሪውንም ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከአንድ ቃል ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይደለም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ አንዲት ወጣት ተነስታ «ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር እኛ ጋ መቼ ነው የሚደርሰው?» ብላ ጠየቀች። መድረክ ላይ የነበሩት ሰው ፈገግ አሉና «እሱ እንኳን ለኛ አገር ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ያለንን በአግባቡ እንጠቀም» አሏት። ተጨበጨበ። ልጅቷም ተቀመጠች።

ጭብጨባው ጋብ ሲል የኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ሴንሰሩ ነው። 68፣ ቀስቱ ወደ ታች። ከፊቴ የተቀመጡት ዞረው ገላመጡኝ፤ ስልኬን ማጥፋት የረሳሁ መስሏቸው። አራት ከረሜላ አከታትዬ አፌ ውስጥ ከተትኩና ዝም አልኩ። ሻይ ዕረፍት ላይ ተናጋሪውን ላናግራቸው ፈልጌ ነበር፣ በሰው ተከበው አልቻልኩም። እዚህ የምጽፈው ለዚህ ነው። ረዥም ነው፤ የቸኮላችሁ እለፉት።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሴንሰር የምንለው ከብር ሳንቲም ትንሽ ተለቅ የሚል ነጭ ክብ ነገር ነው። ከሥሩ ፀጉር የምታህል ክር አለችው፤ ክንድ ላይ ሲለጠፍ ቆዳ ሥር ትገባለች። እኔ የማደርገው ዓይነት 14 ቀን ይሠራል፤ የስኳሬን መጠን በስልኬ ያሳየኛል፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነም በቀስት ይጠቁመኛል፣ ሲወርድ ይጮሃል። የሚለካው ደሙን ሳይሆን ቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ነው። (ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፣ ምሳሌ ካልሰጠሁ አይሆንልኝም።) ደሙ ከመንገድ የሚመጣው ቧንቧ ነው በሉ፤ ያ ፈሳሽ ደግሞ ግቢ ውስጥ ያለው ሮቶ። ቧንቧው ውሃ ሲያመጣ ሮቶው ወዲያው አይሞላም፤ ሲሄድም ወዲያው አይጎድልም። ስለዚህ የሴንሰሩ ቁጥር ከደሙ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ይሄን ያወቀ ሰው አይሳሳትበትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። 28 ዓመት ሙሉ ኢንሱሊን ስወጋ ኖሬያለሁ። ከነዚህ ውስጥ 25ቱን ያሳለፍኩት በጨለማ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

በ2003 ዓ.ም. 10ኛ «ቢ» የነበራችሁ ልጆች አንድ ጠዋት ሳታስታውሱ አትቀሩም። የኦምን ሕግ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ዞርኩና ደግሜ ጻፍኩት። ከዚያ በላዩ ላይ ሦስተኛ። ክፍሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ከፊት ከተቀመጣችሁት አንድህ ሮጠህ ሚሪንዳ ገዝተህ መጣህ። ማን እንደሆንክ አንተም እኔም እናውቃለን፤ ያንተን ውለታ አልረሳም። የማታውቁት ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሳምንቱን ሙሉ «መምህሩ ጠጥቶ ነው የሚገባው» ተባለ። ቢሮ ተጠርቼ «ችግር ካለብህ ንገረን» ተባልኩ። ታክሲ ውስጥም ደርሶብኛል፤ ላብ አጥምቆኝ፣ ምላሴ ተሳስሮ፣ ረዳቱ «ሰካራም አልጭንም» ብሎ አውርዶኛል። ስኳር ሲወርድ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚያይህ እንደ ታማሚ ሳይሆን እንደ ሰካራም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ደም ውስጥ ያለን ስኳር የሚለካው ማሽን መጀመሪያ ሲወጣ እንደኔ ላለ ታማሚ ተብሎ አልነበረም። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች፣ ሌሊት ላቦራቶሪው ሲዘጋ፣ ሰክሮ የወደቀውን ስኳር ከጣለው እንዲለዩበት ነበር። ሪቻርድ በርንስታይን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ስኳር ያለበት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ማስታወቂያውን አይቶ ልግዛ ቢል «ለሐኪምና ለሆስፒታል እንጂ ለታማሚ አንሸጥም» አሉት። ሚስቱ ሐኪም ነበረች፤ በሷ ስም ታዘዘ። ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ማሽን ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ራሱን እየለካ መድኃኒቱንና ምግቡን አስተካከለ። ያገኘውን ለሕክምና መጽሔቶች ቢልክ የሚያትምለት አጣ። በመጨረሻ በአርባዎቹ ዕድሜው ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ራሱ ሐኪም ሆነ።

ዛሬ ታማሚ ቤቱ ሆኖ ጣቱን ወግቶ መለካቱ ቅንጦት ነው የሚል ሐኪም አለ? የለም። በዚያ ጊዜ ግን ነበር፤ ያውም በሀብታሟ አሜሪካ። ክንድ ላይ የሚለጠፈውም ያው መንገድ ላይ ነው። ጣት ሳያስወጋ የሚነበበው ዓይነት አውሮፓ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በመጋቢት 2022 እንግሊዝ ውስጥ ዓይነት 1 ስኳር ላለበት አዋቂ ሁሉ እንዲቀርብ መመሪያ ወጣ። ስምንት ዓመት ብቻ። ቅንጦት ማለት ከጊዜ ጋር ስሙ የሚቀየር ነገር ነው እንዴ?

«እነሱ ሀብታም ናቸው» ትሉኛላችሁ። እሺ። እንግዲያው የምትወጉትን መድኃኒት እንይ። ሀብታም አገር ያለው ሰው ማታ የሚወጋው ኢንሱሊን እንደ ግላርጂን ያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል የሚሠራ ነው። እኛ ከመንግሥት ጤና ተቋም የምናገኘው በአብዛኛው ኤንፒኤች የሚባለውን ደመናማውን ነው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ በሕይወት አቆይቶኛል፣ አላማርረውም። ነገር ግን ኤንፒኤች ጫፍ አለው፤ ከተወጉት ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ ይበረታል። ማታ 2 ሰዓት ከወጋሁ የሚበረታው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ነው ማለት ነው። ሰው ሁሉ በተኛበት፣ እኔም በተኛሁበት ሰዓት። ታዲያ ሌሊት የሚነቃልን ማሽን ይበልጥ የሚያስፈልገው ማንን ነው? ጥሩ ኢንሱሊን ያለውን ወይስ እኔን? ያቺ «ቅንጦት» የምትል ቃል የተገላቢጦሽ የቆመችው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው ደግሞ «የሦስት ወሩ ምርመራ አለ አይደል?» የሚለው ነው። አዎ፣ ኤ ዋን ሲ አለ፣ ጠቃሚ ነው፣ ተመርመሩ። ግን እሱ አማካይ ነው። አንድ ተማሪ በፊዚክስ 100፣ በሒሳብ 20 ቢያመጣ አማካዩ 60 ነው፤ አለፈ ትሉታላችሁ? እኔ ለዓመታት 7.1፣ 7.2 እያመጣሁ «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል» ስባል ኖሬያለሁ። ሴንሰሩን የለጠፍኩ በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 52፣ በማግስቱ 49፣ ከቁርስ በኋላ 270። ጉድጓዱና ተራራው ተቻችለው ነው ለካ «ጎበዝ» ያሰኙኝ። ጠዋት ጠዋት የሚያመኝን ራስ ምታት ለስንት ዓመት የትራስ ጥፋት ሳደርገው ነበር።

ባለቤቴ ያን ግራፍ ስታይ ምንም አላለችም። ሄዳ ማር ያለበትን ብርጭቆ አልጋው ራስጌ አስቀመጠች።

ዕድሜዬንም ልጨምርበት። ይሄ ሕመም ሲቆይ ከሚነጥቃችሁ ነገር አንዱ ማስጠንቀቂያውን ነው። ድሮ ስኳሬ ሲወርድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልቤ ይመታ ነበር። አሁን 55 ደርሶ እንኳ ደህና ነኝ ብዬ አወራለሁ። ስብሰባው ላይ 68 ላይ ሳለሁ ምንም አልተሰማኝም። ስልኬ ባይጮህ አጨብጭቤ እወጣ ነበር።

አሁን ደግሞ ተናጋሪው ትክክል የሆኑበትን ልናገር፣ እውነት ነውና። ስትሪፕ በሌለበት ሴንሰር ማውራት ያሳፍራል። ባለፈው ዓመት ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጣ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ከሩቅ የመጣች። ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማሽን አላት፣ ስትሪፕ አልቆባታል፣ መግዣው ከብዷታል። «ታዲያ ሌሊት እንዴት ታደርጊያለሽ እህቴ?» አልኳት። «አብሬው እተኛለሁ። እየነቃሁ ግንባሩን እዳስሳለሁ፤ ላብ ካለው ስኳር በውሃ እበጠብጥለታለሁ» አለችኝ። በየሌሊቱ ስንት ጊዜ እንደምትነቃ ጠየቅኳት። አልቆጠረችውም።

እንግዲህ ለዚህች ሴት መጀመሪያ ስትሪፕ መድረስ አለበት። በዚህ አልከራከርም። እኔም ሴንሰር ለጥፌ ስትሪፕ ያስፈልገኛል፤ የሚሰማኝና ቁጥሩ ካልተጣጣሙ ጣቴን ወግቼ አረጋግጣለሁ። ግን «ቅድሚያ» እና «ቅንጦት» አንድ ቃል አይደሉም። ቅድሚያ የሚል ሰው ሁለተኛውን ለመሥራት ቀጠሮ ይይዛል፣ ቅንጦት የሚል ሰው ፋይሉን ዘግቶ ይሄዳል። ደግሞስ ስትሪፑን ማን ሰጣት? በሴንሰር ምክንያት የቀረባት ስትሪፕ ኖሮ ነው? ሁለቱም የሉም። ያለው ጭብጨባ ነው።

ለማሽኑ ጠበቃ አልቆምኩም፤ ጉድለቱንም ስሙ። በተለጠፈበት ክንድ ላይ ከተኛችሁ ፈሳሹ ይታመቅና በሐሰት «ወርዷል» ብሎ ይጮሃል፤ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ ብዙ አይታመንም። ሙቀትና ላብ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። ስልክ ባትሪ ከዘጋና መብራት ከሌለ ጩኸቱም አብሮ ይጠፋል። ባንክ በር ላይ ጥበቃው ነካ አድርጎ «ምንድን ነው ይሄ?» ይላል፤ ጸበል ቦታ «አውልቀው» ይሉሃል (ውሃ አያበላሸውም፣ አትጨነቁ)። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቁጥር ያሳብዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ስልኬን ከማየት ውጭ ሥራ አልነበረኝም። በሁዳዴ 9 ሰዓት ላይ የጾም ፍርፍር በልቼ 260 ሲያሳየኝ ሰሃኑን ልወረውረው ነበር። ቆይቶ ግን ያው እንጀራ ቀነስ ብሎ፣ በምስርና በጎመን በዛ ብሎ ሲበላ 170 ላይ እንደሚቆምልኝ አየሁ። 28 ዓመት «እንጀራ ቀንስ» ስባል ስንት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያንተ ሰውነት ከኔ ይለያልና ቁጥሬን አትቅዳ፤ እኔ ግን የራሴን አገኘሁ።

የሚያናድደኝ ሌላ ወገን ደግሞ አለ። ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ለክብደት መቀነሻ ብለው ለጥፈው ቪዲዮ የሚሠሩት። አሜሪካ ከ2024 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ ዓይነት ተፈቅዷል፣ ገንዘባቸው ነው፣ መብታቸው ነው። ሙዝ በልቶ 140 ሲያይ «ጉድ ሆንኩ» እያለ የሚጮህ ጤነኛ ሰው ግን ይሄ ማሽን ጌጥ እንዲመስል እያደረገብን ነው። እነዚያ ሰው መድረክ ላይ ሆነው «ቅንጦት» ሲሉ በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት ይሄን ሳይሆን አይቀርም። ቅንጦት የሚባል ካለማ እሱ ነው።

ምን ይደረግ ነው የምትለው ላላችሁኝ፣ ለሁሉም ሰው ነገ ይታደል አላልኩም። በክኒን ብቻ ያለ፣ ስኳሩ የማይወርድበት ሰው ሳይኖረውም ይኖራል። መጀመሪያ ኢንሱሊን ለሚወጉ ሕፃናት ይድረስ። ለነፍሰ ጡሮች። እንደኔ መውረዱ ለማይሰማቸው። ይሄም ከበዛ፣ ቢያንስ ክሊኒኮች ጥቂት ሴንሰር ይኑራቸውና መጠኑ አልስተካከል ላለው ታማሚ ለ14 ቀን ለጥፈው፣ ግራፉን አይተው፣ መድኃኒቱን ያስተካክሉለት። ሌላ ቦታ የሚሠራበት አካሄድ ነው። የኔን የሌሊት ጉድጓድ ለማግኘት የበቃው አንድ ሴንሰር ነበር። ማታ የምወጋው ኢንሱሊን ተቀነሰልኝ፣ ሰዓቱም ተገፋ፤ ራስ ምታቱ ሄደ። ለዚህ አንድ ሴንሰር በዛ?

ፋርማሲም በግልጽ ይሽጠው። ስንት ቦታ ጠይቄ «የለም» ተብያለሁ። አሁን የምኖረው በዘመድ ሻንጣ ነው። በዓመት 26 ያስፈልገኛል። እህቴ ትልካለች፣ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ይልካሉ፤ አገር ቤት የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር ቦሌ ሄጄ የሰው እናት ሻንጣ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። የመምህር ጡረታ እንደማይችለው ለናንተ አልነግርም። በእጄ ያለው አራት ቀን ቀርቶታል። ቀጣዩ ሐሙስ ይደርሳል ተብያለሁ፤ ካልደረሰ እስኪመጣ ድረስ ባለቤቴ ናት የምትነቃው።

በውስጥ መስመር «ትርፍ ካለህ ሽጥልኝ» የምትሉኝ፣ አልሸጥም፣ ትርፍም የለኝም። ከመንገድ የምትገዙ ካላችሁ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን አይታችሁ ግዙ፣ ከስልካችሁ ጋር መግባባቱንም ቀድማችሁ አጣሩ። ውጭ ያላችሁና «ጋሼ ምን ልላክልህ?» የምትሉኝ ልጆቼ ደግሞ፣ በዚህ ወር የኔን ተዉትና የስትሪፕ ካርቶን ላኩ። የዚያችን እናት ስልክ ይዣለሁ፤ የማሽኗን ዓይነት ጠይቄ ለያንዳንዳችሁ በውስጥ እጽፍላችኋለሁ።