ልጅቷን ወደ ተራራ እንላካት?

በዛሬው ጽሑፌ የማጫውታችሁ እኔው ራሴ ስለ ተሳሳትኩበት ምክር ነው። የመጋቢ ሚስት ስትሆኑ ሰው ምክር ፈልጎ ቤታችሁ ይመጣል። ቡናው እየፈላ፣ ሕፃኑ እያለቀሰ፣ እናንተም ሽንኩርት እየከተፋችሁ ትመክራላችሁ። አንዳንዱ ምክር ከጌታ ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ የተከተፈ ነው።

ጊዜው ሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። አንድ ባልና ሚስት ከመርሳ ተነሥተው ወልድያ ቤታችን ድረስ መጡ። ሁለቱም በጌታ ቤት የቆዩ፣ በዕድሜም የሚበልጡን ናቸው። ባልየው በሐብሩ ወረዳ በመስኖ ሽንኩርትና ማንጎ ያለማሉ። ታዲያ ሲገቡ ለየብቻ ሰላም አሉን፤ ሲቀመጡም አንዱ ከበሩ አጠገብ፣ ሌላዋ ከጓዳው በኩል። ሦስት ቀን እንዳልተነጋገሩ ለማወቅ የመንፈስ ስጦታ አላስፈለገኝም።

ጠባቸው በልጃቸው ጉዳይ ነበር። ልጅቷ ወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ትማራለች። ሦስተኛ ዓመቷን ስትጨርስ ለክረምቱ የተግባር ልምምድ የደረሳት ቦታ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሁለት ወር ከፓርክ ጠባቂዎች ጋር! አባት «አትሄድም» አሉ። «ለወጣቶች ኮንፈረንስ መዝሙር የምታጠናው ማን ሊሆን ነው? ደግሞስ ክላሽ ከታጠቁ ወንዶች ጋር ገደል ለገደል የምትዞር ሴት ልጅ ማን ያገባታል?» እናት ደግሞ «ለትምህርት ብለን ልከን ትምህርቱን ልንከለክላት ነው? አብሽር፣ ጌታ እዚያም አለ» አሉ። እሳቸው «አብሽር» ባሏቸው ቁጥር ባልየው ይበልጥ ይቆጣሉ።

እኔ ከአባትየው ጋር ወገንኩ። ያውም በቃለ እግዚአብሔር አስደግፌ። ዘፍጥረት 34ን አንሥቼ፣ ዲና የአገሩን ሴቶች ልታይ ወጥታ የደረሰባትን አስታወስኳቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያ ምዕራፍ ኃጢአቱን የሚጥለው በዲና ላይ ሳይሆን በሴኬም ላይ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ፍርሃት ሲይዘን ጥቅስ መምረጥ እንዴት ይቀለናል! እናትየው አንገታቸውን ደፉ። ያ አንገት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። በመጨረሻ «ልጅቷን ማን ጠየቃት?» አለ። አልጠየቋትም። በስልክ ተቆጥተዋታል፣ አልቅሰውባታል፣ ግን አልጠየቋትም። እዚያው ደወልንና ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

የት እንደምታድር ጠየቅናት። ማን እንደሚቆጣጠራት፣ ሌላ ሴት ተማሪ አብራት መኖር አለመኖሯን፣ ብትታመም ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅናት። ለሁሉም መልስ ነበራት፤ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ አብራት ትመደባለች፣ መምህራቸውም መጥቶ ያያቸዋል። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁን ለእንዲህ ዓይነት ልምምድ ስትልኩ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ሳታፍሩ ጠይቁ። የሚመደቡበትን ቦታ ኃላፊ ስልክም ተቀበሉ። አባትየው ግን አሁንም «ሌሊቱስ?» አሉ። ልጅቷም «አባዬ፣ አንተ በሌሊት የመስኖ ውኃ ተራ ስትጠብቅ ማን ይጠብቅሃል?» አለቻቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው። እናትየውም ሳቁ፤ ሦስት ቀን የከረመው ዝምታ እዚያ ላይ ተሰበረ።

በሐምሌ መጀመሪያ አባት ራሳቸው እስከ ጎንደር አደረሷት። ከወልድያ ተነሥቶ ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት መንገድ ጋሸናን፣ ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ፣ ከዚያ ጎንደር። ከጎንደር ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ደባርቅ ነው። እናትየው ጋቢ፣ በሶና ቆሎ አስይዘዋት ነበር። ለቆላ ልጅ ጋቢው ብቻውን እንደማይበቃ ያወቅነው ኋላ ነው። ጨነቅ የሚባለው ሰፈር ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ነው፤ በክረምት ጉምና በረዶ አይለየውም።

ቃል የገባችው እሑድ እሑድ ልትደውል ነበር። የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ስለ ነበር ነፋሱ ግማሹን ቃል ይወስደዋል። እናትየው የሰሙትን እየያዙ ይነግሩኝ ጀመር፤ እኔም ከጥፋቴ በኋላ ጆሮዬን አቀናሁ።

ልጅቷ ስትሄድ ሥራው እንስሳ መከተልና ፎቶ ማንሣት መስሏት ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፈችው ጎርፍ የበላውን የእግር መንገድ በድንጋይ ሲጠግኑ ድንጋይ በማቀበልና ጎብኝዎች የጣሉትን ፕላስቲክ በመልቀም ነው። በሁለተኛው ሳምንት ዋልያ ሲቆጥሩ አብራ ወጣች። ቆጠራ ማለት በማለዳ፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በደረት ተኝቶ በመነጽር ማየት ነው። ወንዱን ለብቻ፣ ሴቷን ለብቻ፣ ግልገሉን ለብቻ ይመዘግባሉ። አንዱ እንስሳ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ሌሎች ቡድኖች በሌሎች ገደሎች ላይ በተመሳሳይ ሰዓት ይቆጥራሉ። ጉም ከመጣ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። «ጸሎት የተማርኩት እዚያ ነው» ብላ ለእናቷ ነገረቻቸው። አፏን እንደማያሳርፍ ልጅ አውቃታለሁና ይህን ስሰማ ገረመኝ።

በእነዚያ ተራሮች ላይ ያለው ዋልያ በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል በዱር አይገኝም። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ውጪ የሉም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ፣ በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይሁን እንጂ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባና እስከ 2017 ድረስ እዚያው ቆየ። እንግዲህ ልጃችን የሄደችው ከዚያ መዝገብ በወጣ በዓመቱ ነበር። ጠባቂዎቹ በዚህ ይኮሩ ነበር አለችን። እዚያ «ስካውት» ነው የሚሏቸው፤ አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ተወላጆች ናቸው። ቱሪስት ያጅባሉ፣ እሳት ያጠፋሉ፣ ዛፍ የሚቆርጠውን ይከላከላሉ፣ ትምህርት ቤት ሄደው ልጆች ያስተምራሉ። የመንደር ውሾች በሽታ ለቀይ ቀበሮ እንዳይተርፍ ውሾቻችሁን አስከትቡ እያሉ ገበሬውን ይለምናሉ። ጭላዳ ገብሱን የበላበት ገበሬ የሚጮኸውም እነሱ ላይ ነው። ይህን ሲሰሙ አባትየው «ጦጣ ማንጎዬን ሲበላ እኔ በማን ላይ ልጩህ?» አሉ።

አንድ ቀን ሁለት ላሞች በተከለከለው የግጦሽ ቦታ ተገኙ። የአንዲት መበለት ላሞች ናቸው። የያዛቸው ስካውት ሽማግሌ ሰው ነው፤ ሴትዮዋም ዘመዱ ናት። እየተሳደበች፣ እያለቀሰች፣ በእናቱ ስም እየለመነችው ከኋላ ተከተለችው። ልጅቷ ይህን ስትተርክልኝ እኔ የሰባኪ ሚስት ነኝና ወዲያው «ታዲያ ቅጣቱን ከራሱ ኪስ ከፈለላት?» አልኳት። ስብከቱ በአእምሮዬ ተዘጋጅቶ ነበር። «ኧረ የለም፣ ከየት አምጥቶ?» አለችኝ። የሆነው እንዲህ ነው። ላሞቹን አልለቀቀም። ሰው ሁሉ እያየ ነድቶ ወሰዳቸው። ከዚያ ሽማግሎች ዘንድ እስከ ማታ ተቀምጦ ተከራከረላትና ቅጣቱን ገብሷ ሲደርስ እንድትከፍል ዋስ ሆናት። መጽሐፈ ምሳሌ ዋስ ስለ መሆን የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ አውቃለሁ፤ ሽማግሌውም ሳያውቀው አይቀርም። ሴትዮዋ ግን ለሳምንት ያህል ሰላምታውን አልመለሰችም።

አንድ እሑድ ራሷ ደወለችልኝ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ባዶውን መንደር አይታ መጥታለች። «እትዬ፣ ለእንስሳ ተብሎ ሰው ከቀዬው ሲነሣ እግዚአብሔር ምን ይላል?» አለችኝ። ዲናን አነሣሁ እንዴ? አላነሣሁም። «ሰዎቹን ጠይቂያቸው» አልኳት፤ ይህችን ከባለቤቴ ተምሬአለሁ። ስትመለስ ደባርቅ ላይ ጠየቀች። አንዱ የመብራቱንና የልጆቹን ትምህርት ቤት መቅረብ አመሰገነ። አንዲት እናት ግን የገብስ ማሳቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ልጅቷ ሁለቱንም በዘገባዋ ጻፈች። እኔ ሁለቱንም በጸሎቴ ያዝኩ እንጂ የትኛው እንደሚያመዝን ልነግራችሁ አልደፍርም።

በዚያ ክረምት ወደ መጻሕፍቴ ተመልሼ ዘፍጥረት 2፥15ን አነበብኩ። ጌታ አዳምን በገነት ሲያኖረው የሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ መሥራትና መጠበቅ። እኛ ወንጌላውያን ስለ መሥራቱ ብዙ ሰብከናል፤ ስለ መጠበቁ ግን እምብዛም። «መጠበቅ» የሚለው የዕብራይስጥ ግሥ «ሻማር» ነው። አሮን ሕዝቡን በሚባርክበት በዘኍልቍ 6 ጌታ ይጠብቅህ ሲል ያለው ይኸው ቃል ነው። መዝሙር 121 እስራኤልን ስለሚጠብቀውና ስለማይተኛው ሲናገርም ይኸው ነው። ቃየንም እኔ የወንድሜ ጠባቂ ነኝ ወይ ብሎ የሸሸው ከዚሁ ቃል ነው። ሌዋውያን በድንኳኑ የነበራቸው ሥራ በዘኍልቍ 3 የተገለጠው በእነዚያው ሁለት የአዳም ግሦች ነው። ስለዚህ ልጅቷ ኮንፈረንስ ትታ ዓለማዊ ሥራ ሄደች ማለቴን ዋጥኩት። መዝሙር 104 ረጃጅሙን ተራራ ለዱር ፍየል የሰጠው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ያንን ርስት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ብርድ ይመታዋል፣ ደመወዙም አይበቃውም።

በጳጉሜን መጨረሻ ልጅቷ መርሳ ገባች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ፊቷ በብርድ ጠቁሯል። ጋቢው ጭስ ጭስ ይሸት ነበር፤ እናትየው ብዙ ቀን ሳያጥቡት አስቀመጡት። ለጉባኤው እንድትመሰክር ስንጠይቃት ስለ ዋልያ ግልገል ተናገረች፤ አንዳንድ ቅዱሳን ተያዩ። ቢሆንም ሦስት እናቶች ከአምልኮ በኋላ ስለ ሴት ልጆቻቸው ትምህርት ሊያማክሩኝ መጡ። ጠየቅኋቸው፤ «ልጆቹን ጠይቃችኋል?»

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ላይ እሳት ተነሣ፤ እስከ ሚያዝያም ዘለቀ። አብረዋት የከረሙት ሰዎች በቅጠልና በአፈር ሲታገሉት በቴሌቪዥን አየን። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ። አባትየው ያን ጊዜ ሽንኩርታቸውን ትተው ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ላይ ነበሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያም መርሳም ያዩትን ታውቃላችሁ። ፓርኩም ከጦርነቱ አልተረፈም። ከ10 ዓመት ገደማ በፊት ከ800 በላይ የነበረው ዋልያ በ2016 ዓ.ም. ወደ 300 ገደማ ወርዶ ተቆጠረ። ቀይ ቀበሮም በዓለም ያለው ከ500 አይበልጥም፤ ጥቂቶቹ እዚሁ በወሎአችን፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች ላይ አሉ።

ልጅቷ ዛሬ የፓርክ ሠራተኛ አይደለችም። በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በተፈጥሮ ሀብት ክፍል ትሠራለች፤ ትዳርም ይዛለች። «ማን ያገባታል?» ያሉት አባት በሠርጓ ላይ ከሁሉ ይልቅ የዘመሩ ሰው ናቸው።

እኚህ አባት ማታ ማታ በቤተሰብ ጸሎት የልጆቻቸውን ስም ጠርተው ሲጨርሱ «ጌታ ሆይ፣ ጨነቅ ያሉትንም አስብ» ይላሉ። አዲስ የመጣ እንግዳ የተጨነቁትን ማለታቸው ይመስለውና ከልቡ «አሜን» ይላል። እናትየው ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ ይላሉ፤ ማንም ግን አያርመውም።