መስከረም ጠባ፣ መንገዱስ? ሰሜን ተራሮች ወይስ ባሌ

ነገሩ የተጀመረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። አራት ጓደኛሞች ነን። አንዱ "ከመስቀል በኋላ መኪና ይዘን ተራራ እንውጣ" አለ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግሩፑ በጭላዳ፣ በዋልያና በአደይ አበባ ፎቶ ተሞላ። ከዚያ አንዷ ጓደኛችን "በየት በኩል ነው የምንሄደው?" ብላ ጻፈች። ሁላችንም ዝም አልን።

ዝምታው ብዙ ይናገራል። ዛሬ እዚህ አገር ውስጥ የመኪና ጉዞ ስታቅዱ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን እናያለን?" አይደለም፤ "በሰላም ደርሰን እንመለሳለን ወይ?" ነው። እስቲ ሁለቱን ተራሮች እያነጻጸርን እንየው።

የሁላችንም የመጀመሪያ ምርጫ ሰሜን ተራሮች ነበር። ጊዜውም ምርጥ ነው፤ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ዝናቡ ወጥቶ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው። ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ነው፤ መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቅርሶች አንዱ ነው። በ1996 "አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" መዝገብ ውስጥ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቷል።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል ውጊያ ተቀሰቀሰ። በሐምሌ መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ ለአሥር ወር ቆየ። አዋጁ ቢያበቃም ውጊያው አላበቃም።

ገና አባይ በረሃ ሳትደርሱም ስጋት አለ። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ሰሜን ሸዋ፣ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ላይ ተይዘው ከ100 በላይ ተሳፋሪዎች እንደታገቱ ተዘግቧል። ልብ በሉ፣ ደባርቅ የሰሜን ተራሮች መግቢያ በር ናት። ልጆቹ እኛ ለመዝናናት ልንሄድበት ባሰብነው መንገድ ላይ ነበሩ፤ ለዚያውም የእኛ እድሜ ናቸው።

"በአውሮፕላን ጎንደር መውረድ ይቻላል" ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ አለ። የቲኬቱስ ዋጋ የስንቶቻችንን ኪስ ይችላል?

ሁለተኛው ምርጫችን ባሌ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ከቀሩት 500 የማይሞሉ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚያ ነው። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፦ አዳማ፣ ኢተያ፣ አሰላ፣ በቆጂ፣ አሳሳ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ፣ ጎባ። ግን ባሌም ቢሆን ዋስትና ያለው መንገድ ነው እያልኩ አይደለም። በአርሲ አንዳንድ ወረዳዎች በነዋሪዎች ላይ ግድያ መፈጸሙ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ጎግል ማፕ ሰዓቱን እንጂ ሰላሙን አይነግራችሁም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በየከተማው የሚያውቁት ሰው ጋ መደወል፣ ሹፌሮችን መጠየቅ፣ በቀን ብቻ መንዳት ግድ ነው። "ዛሬ አትምጡ" ከተባላችሁ ደግሞ ቅሩ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ቀጥሎ ነዳጅ። በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ለባሌ ደርሶ መልስ ከነዙሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ብንይዝና መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢጠጣ፣ በ100 ብር ሒሳብ እንኳ 10,000 ብር ነው። ያኔ 4,800 ብር ነበር።

አንዱ ጓደኛችን "የወንድሜን የኤሌክትሪክ መኪና እንውሰድ" አለ። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ግን አብዛኞቹ የቻርጅ ጣቢያዎች ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ዳገት ደግሞ ባትሪ ይበላል። ለሳነቴ አናት አልደፈርነውም።

ለምትሄዱ፣ የኛ ፕላን ይሄ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዲንሾ ማደር፣ ጠዋት የደጋ አጋዘን በእግር ማየት፣ ከዚያ ጎባ። ጎባ ወይም ሮቤ ላይ ታንኩን ሙሉ፤ ከላይ ማደያ የለም። ወደ ሳነቴ በጠዋት ውጡ። ባሌ ላይ ዝናቡ በመስከረም አያበቃም፤ ከሰዓት ጉም ሊወርድባችሁ ይችላል። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ራስ ምታቱ ከበረታ ሳትግደረደሩ ውረዱ። ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ቀይ ቀበሮ በመኪና ይገጫል። ውሻም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቀበሮዎቹን የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ባለፉት ዓመታት በ"ገበታ ለሀገር" ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን የመሳሰሉ ቦታዎች ለምተዋል። ያማሩ ናቸው፣ አልክድም። ግን ጎርጎራም የሚገኘው በዚያው በጎንደር በኩል ነው። ሎጅ በሁለት ሦስት ዓመት ይገነባል፤ ሰው ተማምኖ የሚነዳበት መንገድ ግን በሲሚንቶ አይገነባም። የሚመጣው ተኩስ ሲቆም ነው።

እስከዚያ ድረስ እኛ የምናጣው አንድ ሳምንት እረፍት ነው። የደባርቅ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ በቅሎ ጫኝና ምግብ አብሳይ ግን የሚያጡት እንጀራቸውን ነው። መስከረምና ጥቅምት ለእነሱ የመኸር ወቅት ነበር። የውጭ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን አትሂዱ ይላሉ፣ የአገሩ ልጅ ደግሞ መንገዱን ይፈራል። ታዲያ ማን ይምጣላቸው?

እኛ ባሌን መርጠናል፤ የመነሻው ዕለት ጠዋት የሚደወሉ ስልኮች ካልከለከሉን እንወጣለን። ሰሜንን ግን ከዝርዝራችን አልሰረዝነውም። በሁለቱም መንገዶች ሰሞኑን የተጓዛችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ተጓዥ ከካርታው ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።