የመንገዱ ውሃ በማን ማሳ ላይ ይውረድ?

በካዛንቺስ የሚኖር ተማሪ ማለዳ ወደ ትምህርቱ ሲወጣ ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ያያል። ተሸካሚዎቹ ኩንታሉን በጀርባቸው ያወርዳሉ፤ ባለወፍጮው ይመዝናል፤ ደላላው ዋጋ ይጠራል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ያ ኩንታል በምን መንገድ እንደ መጣ የሚጠይቅ አንድም የለም። እኛም አንጠይቅም። እንጀራው ከገበታችን እስካልጠፋ ድረስ መንገዱ ለእኛ እንደሌለ ያህል ነው።

ዳሩ ግን እኛ የካዛንቺስና የቂርቆስ ልጆች ስለ መንገድ ከመጽሐፍ ያላገኘነውን ትምህርት በቅርቡ አግኝተናል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛውሯል። መንገዱ ሰፍቷል፥ የእግረኛው መሄጃም አምሯል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በአንድ ዕድር ይቀባበሩ የነበሩ ጎረቤቶች ተበታትነዋል፤ በመንገድ ዳር ጉልት ዘርግታ ልጆቿን ታሳድግ የነበረች እናት ደንበኞቿን ካዛንቺስ ትታ ሄዳለች። መንገድ ሁለት ሒሳብ እንዳለው ያን ጊዜ ገባን። አንደኛው ሒሳብ በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሁለተኛውን መንገዱ ያለፈበት ሰው ይከፍለዋል፥ በወረቀትም አይገኝም። ዛሬ በዚህ ርዕሰ አንቀጽ ልንናገር ያሰብነው ይህ ሁለተኛው ሒሳብ በባላገሩ ዘንድ እንዴት እንደሚከፈል ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። እኛ የገጠር መንገድ ይሠራ ከሚሉት ወገን ነን። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትን ስታቋቁም፥ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ስትበደር፥ የቸገራት ነገር ምን እንደ ነበረ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አንዱ አውራጃ እህል ተርፎት ሲነቅዝበት ሌላው ይራብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ፥ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የሀገሪቱ መንገድ ሁሉ ተደምሮ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ታወጀ፤ በ2007 ዓ.ም. የመንገዱ ርዝመት ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚንቀውም ቢኖር በአህያ ጀርባ እህል ጭኖ ሁለት ቀን ያልተጓዘ ብቻ ነው።

ጥቅሙም በግምት የሚነገር አይደለም። የዩኒቨርስቲያችን መምህር ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች ያሉ ቤተ ሰቦችን ከ1986 እስከ 1996 ዓ.ም. ተከታትለው ያሳተሙት ጥናት አለ። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኘ ቤተ ሰብ የፍጆታው ዕድገት በ16.3 በመቶ ከፍ ማለቱን፥ ድሃ የመሆን ዕድሉም በ6.9 የመቶ ነጥብ ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። ማዳበሪያው በጊዜ ይደርሳል፤ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ከመሞት ትድናለች፤ መምህሩም ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ለመሄድ አያቅማማም።

ታዲያ ክርክራችን ከምኑ ላይ ነው? ክርክራችን ከውሃውና ከመሬቱ ላይ ነው።

ከዝግጅት ክፍላችን አባላት አንዱ ባለፈው ክረምት ወደ አገሩ ገብቶ ነበር። የቀበሌውን ፒስታ ወደ ጠጠር መንገድ ካሳደጉት ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አጎቱ ከማሳቸው ጥግ ወሰዱትና ሰው ቢቆምበት ራሱ የማይታይ ቦረቦር አሳዩት። ከመንገዱ ሥር የተቀበረው ቱቦ አፉን የከፈተው ልክ ከማሳቸው ራስ ላይ ነው። «መንገዱን ጠልቼ እንዳይመስልህ ልጄ» አሉት። «እኔም በአካፋ ሠርቼበታለሁ። እኅትህ በምጥ ስትያዝ መኪና ከደጃችን የደረሰው በእርሱ ነው። ነገር ግን ዱሮ ዝናቡ በተራራው ሁሉ ተከፋፍሎ ይወርድ ነበር፤ አሁን ተሰብስቦ በእኔ በኩል ብቻ ይወርዳል። የሁላችንን ውሃ እኔ ብቻዬን ልጠጣው?»

አጎትየው ምሕንድስና አልተማሩም፤ ነገሩን ግን በትክክል ተናግረዋል። መንገድ በተዳፋት ላይ ሲቆረጥ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ እንደ ግድብ ያቆመዋል። የቆመው ጎርፍ በመንገዱ ዳር ቦይ እየተሰበሰበ ይሄድና ቱቦ ባገኘበት ስፍራ በአንድ አፍ ይወጣል። በሰፊ ተዳፋት ላይ ተበትኖ የነበረው ውሃ አንድ ወንዝ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በፊት አንድም ጠብታ ወዳልደረሰበት ሸለቆ ተጠልፎ ይገባል። የመቀሌና የቤልጂግ ሉቨን ዩኒቨርስቲዎች ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራውን ከመቀሌ አድዋ የሚወስድ መንገድ መርምረው ያገኙት ይህንኑ ነው፤ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ከቱቦዎቹ በታች አዳዲስ ቦረቦሮች ተፈጥረዋል። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በመጀመሪያው ክረምት ትንሽ ፈለግ ነው፤ በሦስተኛው በሬ የማይሻገረው፤ በአሥረኛው ማሳውን ከሁለት ይከፍላል፥ ተመልሶም መንገዱን ራሱን ከሥር ቦርቡሮ ይጥለዋል።

የሚያሳዝነው መድኃኒቱ የታወቀ መሆኑ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፥ ቀጥሎም በአማራ ክልል፥ የመንገድን ጎርፍ ለልማት የማዋል ሥራ ተሞክሮ ታይቷል። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ በእርከን ተከፋፍሎ ለብዙ ማሳ ይደርሳል፤ ለመንገዱ ጠጠር የተቆፈረው ጉድጓድ ሳይደፈን ኩሬ ይሆናል፤ ወደ መሬት የሰረገው ውሃም የመንደሩን የውሃ ጉድጓድ ያበረክታል። አንዱን ገበሬ ያጠፋ የነበረው ጎርፍ ለአሥሩ መጠጥ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ግሬደሩ ከመግባቱ አስቀድሞ ገበሬውን «ውሃው ወዴት ቢሄድ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው የመሬቱ ነገር ነው። እዚህ ላይ የተማሪዎች ማኅበር ታሪክ ያለበት ስለሆነ ዝም ብለን አናልፈውም። ታላላቆቻችን በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፥ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሥራውን ጀመረ። ዓላማው ድሃውን ገበሬ በማዳበሪያ፥ በምርጥ ዘር፥ በብድርና በመንገድ መርዳት ነበር። ነገር ግን እርሻው ትርፍ ማስገኘቱ በታወቀ ጊዜ ባለመሬቱ ትራክተር ገዝቶ መጣ፤ ጭሰኛውም ከነቤተ ሰቡ ተባረረ። ለእርሱ የታሰበው ልማት እርሱኑ ከመሬቱ ነቀለው። ከዚህ የምንማረው መንገድ የመሬትን ዋጋ ከፍ እንደሚያደርግ፥ የከፍታው ተካፋይ ማን እንደሚሆን ግን መንገዱ ራሱ እንደማይወስን ነው። ያን የሚወስነው ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚያስፈጽመውም ሰው ነው።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነት ቀርቷል። ዛሬ ባለመሬት መጥቶ ገበሬውን አያባርረውም። ነገር ግን መንገድ ሲመጣ ከማሳው ላይ አንድ ጥማድ ይቆረጥበታል። በዚህ ላይ ሕግ አለ። የ1997ቱ አዋጅ ለሁልጊዜ መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን 10 እጥፍ፥ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ 15 እጥፍ ካሣ እንዲያገኝ ወስነዋል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ትልቁ የአስፋልት መንገድ ሲሠራ ካሣው ቢታሰብም፥ ትንሹ የቀበሌ መንገድ ሲሠራ በብዙ ስፍራ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ይባልና መሬቱ በነጻ ይወሰዳል። ጉልበትን ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ መሬቱን የሚያዋጣው ግን መንገዱ በማሳው ላይ ያለፈበት ሰው ብቻ ነው። ይህንን መዋጮ ማለት የሚቻል አይመስለንም። በተለይ ባል የሞተባት ሴት ከሦስት ጥማድ አንዱ ሲቆረጥባት በቀበሌው ስብሰባ መካከል ተነሥታ «አልስማማም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልጋት እናስብ።

ሦስተኛ ነገር በአጭሩ እንጨምር። መንገድ እህል ብቻ አያመጣም፤ የከተማውንም ፍላጎት ወደ ገጠር ይወስዳል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር በማሳው ላይ ተክሎ ለከሰል ያደርሰዋል። ብዙ ሰው ከዚህ ገንዘብ አግኝቷል፥ የደከመ መሬትም አርፏል፤ ነገር ግን በጤፍና በገብስ ፈንታ ዛፍ የበቀለበት ማሳ ብዙ ነው። በየምድጃችን የሚነደው የከሰል ማዳበሪያም የመጣው በመንገድ ነው። እንግዲህ ገበሬውን «ለምን እህል አታመርትም?» ብለን ስንወቅስ ሸማቾቹ እኛ መሆናችንን አንርሳ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ «ሀገራችን ድሃ ናት፤ በመጀመሪያ መንገዱ ይድረስ፥ የቀረው ቀስ ብሎ ይስተካከላል» ይሉናል። የሐሳቡን ቅንነት አንጠራጠርም። ነገር ግን «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ውሃው ያልታሰበበት መንገድ በጥቂት ክረምት ይፈርሳል፤ ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ መሥራት የድሃ አገር ሥራ አይደለም። መሬቱ በነጻ የተወሰደበት ገበሬም ቦዩ ሲደፈን አካፋ ይዞ አይወጣም፤ ለምን ይውጣ? የተበደለ ሰው የሚጠብቀው መንገድ የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ማናቸውም የገጠር መንገድ ፕላን የእያንዳንዱን ቱቦ ውሃ እስከ መጨረሻ ማረፊያው ድረስ ሳያሳይ አይጽደቅ። ሁለተኛ፥ የቀበሌ መንገድ ቢሆንም እንኳ መሬት ለተቆረጠበት ሰው ግሬደሩ ከመግባቱ በፊት ካሣው ወይም ምትኩ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፥ ይከፈለውም። ሦስተኛ፥ ቦይ የሚጠርገውና ቱቦ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ከነበጀቱ አስቀድሞ ይወሰን።

ይህንን ከመንግሥት ስንጠይቅ ራሳችንን ነጻ አናወጣም። የምሕንድስና መምህሮቻችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቻቸውን አንድ ኪሎ ሜትር የገጠር መንገድ በእግራቸው ቢያስለኩ ከብዙ ገለጻ የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል። የሕግ ተማሪዎች የካሣውን አዋጅ ገበሬ ሊሰማው በሚችል አማርኛ፥ ኦሮምኛና ትግርኛ ቢያዘጋጁት ዲግሪያቸውን የሚያስከብር ሥራ ነው። ሌሎቻችንም በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ መንገድ እንምረጥ፤ ቱቦዎቹን እንቁጠር፤ ከየቱቦው በታች ያለውን ማሳ እንይ፤ ባለቤቱንም እንጠይቅ። የጻፋችሁትን አምጡልን፤ ይህ ጋዜጣ ያትመዋል።

በማለዳ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የቆመው አይሱዙ በጎማው ላይ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ያ ጭቃ የሰው አፈር ነው። ካዛንቺስ መንገድ ሲሰፋ የሚከፈለውን አይታለች፤ እንግዲህ ባላገሩ ብቻውን ሲከፍል አላየሁም ለማለት አትችልም።