ስለ ኤዌ ሕዝብ ከበሮና በማኅበር ስለ መማር

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ መልካም ጠባይ ስንጽፍ መቈየታችንን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ዛሬ ደግሞ ከአገራችን ርቆ በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ስለሚገኝ አንድ ትምህርት ጥቂት ለመናገር ወደናል፤ ይኸውም የኤዌ ሕዝብ ከበሮና ጭፈራ ለብዙ ሰዎች በአንድነት የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። የከበሮ ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ያደርግለታል የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ሰው ከሰው ጋራ እንዴት መኖር እንደሚገባው የሚያስረዳ ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የኤዌ ሕዝብ የሚኖረው በጋና ደቡብ ምሥራቅ፣ በቶጎ ደቡብና በከፊልም በቤኒን ነው። ከእነርሱ ወገን አንሎ የተባሉት በኬታ ሐይቅና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ባለው አሸዋማ ምድር ተቀምጠው፣ ዓሣ በማጥመድ፣ ሽንኵርት በመትከልና በመነገድ ይተዳደራሉ። ሽማግሌዎቻቸው እንደሚተርኩት፣ አባቶቻቸው ቀድሞ ኖትሴ በምትባል ቅጥር ባላት ከተማ አጎኮሊ ለሚባል ጨካኝ ንጉሥ ይገዙ ነበር። ለማምለጥ በመከሩ ጊዜ ሴቶቹ የእጣቢያቸውን ውሃ በጭቃው ቅጥር ላይ በአንድ ስፍራ እያፈሰሱ አለሰለሱት፤ በመውጫቸው ሌሊትም ንጉሡ እንዳይጠረጥር ከበሮው ሲመታ አመሸ፤ የወጡትም ሰዎች ዱካቸው ወደ ከተማው የገቡ እንዲመስል ወደ ኋላ እየተራመዱ ሄዱ ይባላል። ይህንም ለማስታወስ በየዓመቱ በኖቬምበር ወር በአንሎጋ ከተማ ሆግቤትሶትሶ የተባለው በዓል ይከበራል።

እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ ከበሮ የነጻነቱ ምስክር ነው ማለት ነው። በቋንቋቸውም «ቩ» የሚለው ቃል ከበሮውን ብቻ ሳይሆን በከበሮው የሚደረገውን ጭፈራና ጉባኤ ጭምር ይጠራል። ስለዚህ ከበሮ እማራለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ዘፈኑንና ጭፈራውን ሊተው አይችልም፤ ሦስቱ በአንድ ስም የሚጠሩ ናቸውና።

ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ሳይፈተን የኖረ አይደለም። በ1847 ከጀርመን አገር ከብሬመን የመጡት ሰባክያን ትምህርት ቤት ከፍተው የኤዌን ቋንቋ በጽሕፈት በማስፋፋት ብዙ ጥቅም አድርገዋል፤ ነገር ግን ከበሮው የአረማውያን ነው በማለት ምእመናናቸውን ከከበሮ ያርቁ ነበር። ከበሮና ጸናጽል በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲመታ ሰምቶ ላደገ ለእኛ አገር ሰው ይህ ነገር እንግዳ ሳይሆንበት አይቀርም። በፔኪ የተወለዱት የኤዌ ተወላጅ አቶ ኤፍሬም አሙ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ማሠልጠኛ መምህር ሳሉ፣ የአገራቸውን ልብስ ለብሰው በመስበካቸውና የአገራቸውን ዜማ ወደ አምልኮ በማግባታቸው በ1933 ከሥራቸው ተሰናበቱ። እርሳቸው ግን አልተመለሱም፤ ወደ አቺሞታ ትምህርት ቤት ሄደው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በዚሁ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተማሩት ሌላው የኤዌ ሰው አቶ ፊሊፕ ግቤሆ፣ ጋና በ1957 ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ የብሔራዊ መዝሙሯን ዜማ የደረሱ ናቸው።

ቀድሞ በኤዌ መንደር ከበሮ ለመማር የተለየ ክፍል አልነበረም። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ የጭፈራውን እንቅስቃሴ በሰውነቱ ይቀበላል፤ ከፍ ሲል በባዶ ቆርቆሮ ላይ እየመታ ታላላቆቹን ይመስላል፤ ከዚያም ስፍራ ባገኘ ጊዜ በታናሹ ዕቃ ይጀምራል። በኋላ ግን ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ አክራና ወደ ሎሜ በሄደ ጊዜ፣ በመንደር የሚገኘው ነገር በክፍል እንዲሰጥ ግድ ሆነ። በ1959 እንግሊዛዊው ካህን ኤ. ኤም. ጆንስ ዴዝመንድ ታይ ከተባሉት የኤዌ ከበሮ ሊቅ ተምረው ስለ አፍሪካ ሙዚቃ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጡ። በ1962 የጋና የጭፈራ ጓድ ተቋቋመ፤ በ1970ዎቹም ከአንሎ የወጡት የላድዜክፖ ቤተ ሰብ ሊቃውንት ይህን ትምህርት በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አስተከሉት። በ1982 ደግሞ መምህር ጎድዊን አግቤሊ ኮፔይያ በምትባል መንደራቸው ዳግቤ የተባለውን የባህል ማእከል ከፈቱ፤ ወደዚያም ከሩቅ አገር ተማሪዎች እየመጡ ከመንደሩ ሰዎች ጋራ ተቀምጠው ይማራሉ።

የትምህርቱ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ተማሪዎቹ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። ለጀማሪ አስቀድሞ የሚሰጠው ዕቃ ትልቁ ከበሮ አይደለም፤ ጋንኮጉዊ የተባለው ደወል ነው። ይህ ደወል ከብረት ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ትልቁና ትንሹ በአንድ እጀታ የተያያዙ፣ በበትር የሚመታ ነው፤ ትንሹ በትልቁ ላይ ተደግፎ ሲታይ እናት ልጇን ያቀፈች ይመስላል። ቀጥሎ አኻትሴ፣ ይኸውም በዶቃ መረብ የተሸፈነ ቅል፣ በመዳፍና በጭን መካከል እየተመታ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ በሁለት ቀጫጭን በትር የሚመታው ትንሹ ከበሮ ካጋኑ፣ ከርሱ የሚበልጠው ኪዲ፣ ከዚያም ሶጎ ይከተላሉ። አትሲሜቩ የሚባለው ረጅሙ ከበሮ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው ሲሆን፣ በእንጨት ድጋፍ ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ መቺውም ቆሞ ይመታዋል። መምህሩ ምቱን በእጅ ከማስመታቱ በፊት በአፍ ያስጠናል፤ በአፉ ሊለው ያልቻለውን በእጁ ሊመታው አይችልምና።

አግባድዛ የተባለውን ጭፈራ ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ጭፈራ አትሪክፑይ ከተባለው ከቀድሞ የጦር ጭፈራ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ለሠርግም ለለቅሶም ይደረጋል። ደወሉ አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ያለው ጊዜ በ12 ይከፈላል፤ ደወሉም በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ6፣ በ8፣ በ10ና በ12 ላይ ሰባት ጊዜ ይመታል። የጨፋሪው እግር ግን መሬት የሚነካው በ1፣ በ4፣ በ7ና በ10 ላይ ነው። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ደወሉና እግሩ የሚገናኙት በ1ና በ10 ላይ ብቻ ነው፤ በቀረው ስፍራ አንዱ ሌላውን እያለፈ ይሄዳል። ትንሹ ካጋኑ ደግሞ እግር በሚያርፍበት ላይ ከቶ አይመታም፤ በየእግሩ መካከል ሁለት ሁለት ጊዜ እየመታ ክፍተቱን ይሞላል። እንዲህም ሲሆን የአንዱ ዝምታ የሌላው መናገሪያ ይሆናል።

ለአዋቂ ሰው ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። በሥራው ሲያዝና ሲታዘዝለት የኖረ ሰው ካጋኑን ተቀብሎ ሁለቱን ምት ብቻ እንዲመታ ሲነገረው፣ ሥራው ያነሰ ይመስለዋል። ጆሮው ወደ ትልቁ ከበሮ ይሄዳል፤ ወዲያው የራሱን ምት ያጣል። ባጠፋም ጊዜ ደወሉ አይጠብቀውም፤ ማኅበሩም ስለርሱ አይቆምም። ያለው መድኃኒት እጁን ሰብስቦ ዝም ማለት፣ ደወሉን ማዳመጥና ስፍራው ሲመጣ መግባት ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ቀድሞት ይዞት ሊገኝ ይችላል፤ ከልጁም መጠየቅ ይገባዋል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የተባለው ለልጅ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይሽ ሥራቸው የታወቀላቸው ሰው ሳሉ፣ በ1970 ወደ ጋና ዩኒቨርሲቲ መጥተው በኤዌ ሊቅ በጊዲዮን አሎርዎዪ እግር ሥር እንደ ጀማሪ ተምረዋል፤ ተምረውም በመመለሳቸው ክብራቸው አልጐደለም።

የመሪው ከበሮ ነገር ከዚህ ይከተላል። በአግባድዛ የሚመራው ሶጎ ነው፤ አግቤኮር በተባለው የጦር ጭፈራ ግን አትሲሜቩ ነው። መሪው ንግግርን የሚመስል ምት ሲያሰማ የቀሩት ከበሮዎች ይመልሱለታል፤ ጨፋሪዎቹም ከርሱ ትእዛዝ ተቀብለው እንቅስቃሴያቸውን ይለውጣሉ። ይህ ስፍራ የሚሰጠው እጁ ለፈጠነ ሰው አይደለም፤ የደወሉንና የታናናሾቹን ከበሮዎች ድርሻ ሁሉ ለሚያውቅ፣ መሪ ሆኖ ሳለም ሁሉን ለሚሰማ ሰው ነው። ታናሹን ስፍራ ሳይዝ ትልቁን የያዘ ሰው ድምፁን ያበዛል እንጂ ማኅበሩን አይመራም።

ጭፈራውን በተመለከተ፣ የእኛን እስክስታ የሚያውቅ ሰው አግባድዛን ሲያይ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ጕልበት ጥቂት ይታጠፋል፤ ክንድ እንደ ክንፍ ይከፈታል፤ የጀርባ አጥንትና ትከሻ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሠራሉ። ጨፋሪዎቹ ሁለት ሁለት ወይም ጥቂት ሆነው ወደ መካከል ይገባሉ፤ ድርሻቸውንም ሲጨርሱ ለሌላው ስፍራ ይለቃሉ። የቀሩት እያጨበጨቡ ዘፈኑን ይቀበላሉ። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ተመልካች ሆኖ ብቻ የሚቀር ሰው ጥቂት ነው።

እጅግ ልናሳስብበት የምንወደው ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በአንሎ አገር የከበሮ ማኅበር እንደ እኛ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር ነው። አባል የሆነ ሰው መዋጮውን ይከፍላል፤ ከማኅበርተኞቹ አንዱ የሞተበት እንደሆነ ሌሎቹ መጥተው ከበሮውን ይመታሉ፤ ሙታንን በክብር ይሸኛሉ፤ የቀረውም ይቀጣል። እንግዲህ በዚያ ስፍራ ምቱን የማያውቅ ሰው የሚያጐድለው ጨዋታ ሳይሆን ለሐዘንተኛው የሚገባውን ክብር ነው። ሩቅ አገር ባለ ክፍል ውስጥ ግን ለቅሶውም ሠርጉም የለም፤ ተማሪው በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ ይወጣል። ዘፈኑ ምን እንደሚል፣ ጭፈራው ለጦር ነው ወይስ ለሐዘን የተባለ እንደሆነ ሳይጠይቅ ምቱን ብቻ ይዞ ቢሄድ፣ ደብዳቤውን ትቶ ፖስታውን የተቀበለ ሰው ይመስላል።

ስለዚህ በአክራም ሆነ በአሜሪካ ይህን ትምህርት ለመጀመር ለሚያስብ፣ ልጁንም ለሚልክ ሰው የምንመክረው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ መምህሩ ዘፈኑን ከነትርጓሜው የሚያስተምር መሆኑን ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ወራት ደወሉንና ቅሉን ብቻ እንዲይዝ ቢታዘዝ እንደ ውርደት አይቍጠረው፤ ሌሎቹ ሁሉ በነርሱ ላይ የቆሙ ናቸውና። ሦስተኛ፣ ትምህርቱን ያገኘው ከሕዝብ መሆኑን አስቦ መምህሩን በሚገባ ክፍያና በሚገባ አክብሮት ይያዘው፤ እነ ኤፍሬም አሙ ሥራቸውን እስከ ማጣት ደርሰው ያቈዩት ሀብት ነውና በርካሽ ሊታይ አይገባም።

ወደ ክፍሉ ለመሄድ ያልተመቸው ቤተ ሰብ ደግሞ ከእራት በኋላ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። አባት ከ1 እስከ 12 ሳያቋርጥ ይቍጠር፤ እናት በ1፣ በ4፣ በ7ና በ10 ላይ በእግራቸው መሬቱን ይምቱ፤ ልጅ በማንኪያ ብርጭቆውን በደወሉ ቍጥር ይምታ። ሲደጋገም ቍጥሩ ይቅርና አባትም የካጋኑን ድርሻ በእጃቸው ያጨብጭቡ። አንዱ ሌላውን ልቅደም ያለ እንደሆነ ወዲያው ይፈርሳል፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ የሌላውን የሰማ እንደሆነ ግን በቤት ውስጥ ከሦስት ሰው በላይ ያለ ይመስላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፣ ለአንድ ሰው የሚከብደው ምት ለሦስት ሲከፈል ቀላልና ደስ የሚያሰኝ ይሆናል። ልጁ አባቱን ባረመ ጊዜም አባት ደስ ብሏቸው ይቀበሉት፤ በሚቀጥለው ቀን ልጁ የአባቱን ምክር በደስታ እንዲሰማ የሚያደርገው ይህ ነው።