ባሕሩ በጋ አለው፤ ውሉ ግን አያውቀውም

የማሌዥያው አውሮፕላን ኤምኤች 370 ፍለጋ በኤፕሪል 2025 (እ.ኤ.አ.) ሲቋረጥ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ አንቶኒ ሎክ የሰጡት ምክንያት አጭር ነበር፦ ወቅቱ አይደለም። ከጠፉት 239 ሰዎች አንዱን አሥራ አንድ ዓመት ለጠበቀ ቤተሰብ መራራ መልስ ነው። ብዙዎችም ጠየቁ፦ 6,000 ሜትር የሚጠልቅ ሰው አልባ ሮቦት እያለ ማዕበል ምን ያግዳል?

ያግዳል። ሮቦቱ ጥልቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ማዕበል አይነካውም። ጣጣው ሲገባና ሲወጣ ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያለበትን ቦታ በሳተላይት ያሳውቃል። መርከቧ ትጠጋዋለች፤ በተለመደው አሠራር ሠራተኞች ገመዱን በመንጠቆ ይዘው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነውን ማሽን ወደ መርከቧ ያስጎትታሉ። በዚያች ደቂቃ ማዕበሉ መርከቧን ካነሳ፣ ሮቦቱን ከጣለ ይላተማሉ። ሶናሩ የሰበሰበው ዝርዝር መረጃ ደግሞ ያለው እዚያው ሮቦቱ ሆድ ውስጥ ነው። ሮቦቱ ከጠፋ የቀናት ድካም አብሮ ይሰምጣል። የሠራተኛው ሕይወትም አለ።

ስለዚህ ማቆሙ ትክክል ነበር። ጥፋቱ ከዚያ በፊት ነው። ማሌዥያ ፍለጋውን በመርህ ደረጃ የተቀበለችው በዲሴምበር 2024፣ የደቡቡ ንፍቀ ክበብ በጋ ሲጀምር ነው። የመጨረሻውን ስምምነት ያጸደቀችው ግን ማርች 19 ቀን 2025፣ በጋው ሲያበቃ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ወረቀቱ ይዞ ያስቀረው በጋውን ነው።

አንድ በጋ ምን ያህል እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። ኦሽን ኢንፊኒቲ በ2018 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ከ112,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ አስሷል። ከእርሱ በፊት በአብዛኛው በመርከብ በሚጎተት ሶናር 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ለማሰስ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቷል።

መንግሥት 70 ሚሊዮን ዶላር ከመፈረሙ በፊት መጠንቀቁ ተገቢ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ክርክሩ በክረምት ይለቅ። ውሉ «ካልተገኘ ክፍያ የለም» የሚል ስለሆነ መዘግየቱ የመንግሥትን ካዝና አይነካም። የሚከፍሉት ቤተሰቦች ናቸው፤ የሚከፍሉትም በዓመት ነው።

ቴክኖሎጂው ሰው አልባ ይባል እንጂ ሥራው ሰው አልባ አይደለም። ሮቦቱን በሚያወጡት ሠራተኞች ሕይወት ላይ ሳይቆምሩ ለቤተሰቦቹ መልስ መስጠት የሚቻለው በአንድ መንገድ ነው፦ ፊርማው ከበጋው በፊት ይለቅ።