«ትሰብራታለህ!»

ጀርመን አገር ተወልዶ ያደገ አንድ ወዳጄ ምድር ቤቱን ሲያጸዳ የልጅነት ባቡሩን አገኛት። ማርክሊን ናት፤ ከእውነተኛዋ ባቡር 87 ጊዜ የምታንስ። አባቱ «ትሰብራታለህ!» እያሉ ስለሚቆልፉባት እንዳማረችው ነው ያደገው።

ሶኬት ላይ ቢሰካት ንቅንቅ አልል አለች። ለካ ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ ዘይቷ ደርቋል፤ ሐዲዱም ቆሽሿል። ነቀላትና ሐዲዱንና መንኮራኩሯን አልኮል በነካ ጨርቅ ወለወለ፤ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣል አደረገባት። ከዚያማ ተፈተለከች!

የ6 ዓመት ልጁ «አባዬ፣ እኔ ልንዳት?» ሲለው አፉ ላይ የመጣው ያው የአባቱ ቃል ነው። ዋጥ አደረገና መቆጣጠሪያውን ሰጠው። ባቡሯ ኩርባው ላይ ወደቀች። ልጁ ደነገጠ፤ አባት ሳቀ። አብረው አነሷት።

ወላጆች፣ ይህችን ባቡር ያደረቃት መነዳት ሳይሆን መቆለፍ ነው። እናንተስ ምን ቆልፋችኋል?